ኮምፒዩተሩ እስኪነሣ ቡናው ፈላ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት መደማመጥ ብዙ ተጨዋውተናል። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን ከሌላው ጊዜ ለየት ይላል። ሲከፈት ስለሚያዘግም ኮምፒዩተር ነው። «ይኼ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። እኔም ሙዱላ ሄጄ እስከማይ ድረስ እንደ እናንተው አስብ ነበር።

ሙዱላ የጠምባሮ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወደዚያ የወረድኩት ለዘመድ ጥየቃ ነበር። ያረፍኩባቸው ባልና ሚስት በመንገድ ዳር አንዲት ጠበብ ያለች የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አላቸው። እርሱ አስተማሪ ነው፤ ሱቁን የምትይዘው እርሷ ናት። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የፈተና ወረቀት፣ የሠርግ መጥሪያ፣ ሁሉም የሚጻፈው በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው።

ጠዋት አብሬያት ሱቅ ገባሁ። የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ተጫነችና ጀበናውን ከሰል ላይ ጣደች። «ይኼ እስኪነሣ ቡናችንን እንጠጣለን» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቡናው ፈላ፤ አቦሉ ተቀዳ፤ ማያው ላይ ግን ያቺ ክብ ነገር አሁንም ትሽከረከራለች። ሰዓቴን አየሁ። የመጀመሪያውን ፊደል መጻፍ እስክትችል ድረስ 9 ደቂቃ ሆኗል። በዚህ መካከል አንድ ጎልማሳ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ ጥቂት ቆመና «እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። አልተመለሰም። ረፋዱ ላይ መብራት ጠፍቶ መጣ፤ ያው 9 ደቂቃ እንደ አዲስ ተጀመረ።

ማታ እራት ላይ ነገሩ ተነሣ። «ከዝንጅብሉ ሽያጭ ያስቀመጥነውን አውጥተን ሆሳዕና ሄጄ አዲስ ኮምፒዩተር እገዛለሁ። ይኼኛውን ለፈለገ ሰው እንሸጠዋለን» አለ ባል።

«ያ ገንዘብ ለልጆቹ ትምህርት ነው ተባብለን አልነበር?» አለች ሚስት። «ደግሞስ የሠርጋችን ፎቶ፣ የልጆቹም ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ አይደለም?»

ሁለቱም ዝም አሉ። ዝምታው የዚያን ቀን ብቻ እንዳልሆነ ያስታውቅ ነበር። በመጨረሻ ባል ወደ እኔ ዞሮ «አንተስ ምን ትላለህ ወንድሜ?» አለኝ። «ነገ ጠዋት አብረን እስክናየው ድረስ ማናችሁም አትወስኑ» አልኳቸው። ለዛሬ የምጽፍላችሁ በማግስቱ ያየነውን ነው።

ዘጠኝ ደቂቃ ስንት ነው?

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘን ከሒሳብ ጀመርን። መብራት እየጠፋ ስለሚመጣ ኮምፒዩተሩ በቀን በአማካይ ሦስት ጊዜ ይነሣል እንበል። ሦስት ጊዜ 9 ደቂቃ 27 ደቂቃ ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ብናስብ 702 ደቂቃ፣ ማለትም 12 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይሆናል። በዓመት ከ140 ሰዓት ያልፋል። በቀን 8 ሰዓት ለሚሠራ ሰው ከ17 የሥራ ቀን በላይ በመጠበቅ ብቻ አለቀ ማለት ነው። ባል ሒሳቡን አይቶ «ታዲያ አዲስ ይገዛ ማለቴ ትክክል ነበር» አለ። ሒሳቡ ጊዜ እየባከነ መሆኑን ያሳየናል እንጂ ለምን እንደሚባክን አይነግረንም፤ ገና ምክንያቱን አላየንም አልኩት።

ይህን ዓይነት ሒሳብ የሠራነው እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1983 አፕል የተባለው ኩባንያ ማኪንቶሽ የተባለውን ኮምፒዩተር ሲሠራ፣ መሪው ስቲቭ ጆብስ ማሽኑ ለመነሣት ብዙ ጊዜ ይወስዳል ብሎ ላሪ ኬንየን የተባለውን መሐንዲስ አጥብቆ ይዞት ነበር። የሥራ ባልደረባቸው አንዲ ኸርትስፌልድ እንደ ጻፈው፣ የጆብስ ክርክር እንዲህ የሚል ነበር፤ አምስት ሚሊዮን ሰው በየቀኑ ይህን ማሽን ቢከፍትና ከእያንዳንዱ 10 ሰኮንድ ብንቆጥብ፣ በየቀኑ 50 ሚሊዮን ሰኮንድ ይተርፋል፤ ይህም በዓመት ሲደመር የብዙ ሰው ዕድሜ ነው። ኬንየንም ሥራውን አጥብቆ ያዘ፤ ከ10 ሰኮንድ በላይ ቀነሰ። እንግዲህ በካሊፎርኒያ ስለ 10 ሰኮንድ ይህን ያህል ከታሰበ፣ በሙዱላ ስለ 9 ደቂቃ መቀመጥና መነጋገር ቅንጦት አይሆንም።

ሲነሣ ምን ይሠራል?

ኮምፒዩተር ሲነሣ ሥራው በሦስት ደረጃ ይከፈላል። መጀመሪያ ማዘርቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ኪቦርዱን፣ ራሙንና ዲስኩን ትፈትሻለች። ቀጥሎ ዊንዶውስ ከዲስኩ እየተነበበ ወደ ራም ይገባል። በሦስተኛ ደረጃ «እኔም አብሬ ልነሣ» ብለው ራሳቸውን ያስመዘገቡ ፕሮግራሞች በተራ በተራ ይነሣሉ። ማለዳ የቤቱ አባወራ ተነሥቶ በሩን ሲከፍት፣ ተከትለው የሚነሡት ሁሉ ውኃና ቁርስ እንደሚጠይቁት ዓይነት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መዘግየቱ የት ላይ እንደሆነ አስተውሉ። የዊንዶውስ ምልክት ሳይመጣ ከቆመ ጉዳዩ ከባትሪ፣ ከፍላሽ ወይም ከዲስክ ጋር ሊያያዝ ይችላል። ምልክቱ መጥቶ ከዚያ የሚቆይ ከሆነ ዲስኩን ጠርጥሩ። ዴስክቶፑ ታይቶ ማውሱ ግን አልታዘዝ ካለ አብረው የሚነሡት ፕሮግራሞች በዝተዋል ማለት ነው። በሙዱላው ኮምፒዩተር ሦስቱም ነበሩበት።

ከሁሉ በፊት ኮፒ

ከማንኛውም ነገር በፊት በማሽኑ ውስጥ ያለውን ፎቶና ጽሑፍ ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ይህን ምክር የማጠብቀው በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት የእኛ ቤት ኮምፒዩተር ሲዘገይ ወደ አንድ ሱቅ ወስጄው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። እኔም ምን እንዳለበት ሳልጠይቅ «እሺ» አልኩ። ማሽኑ ፈጥኖ መጣ፤ የመጀመሪያ ልጃችን ዳዴ ስትል ያነሣናት ፎቶ ግን አልመጣም። ባለቤቴ ምንም አላለችኝም፤ ዝም ማለቷ ግን ከቁጣዋ ይልቅ ከበደኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ይገለበጥልኝ ነበር።

ደግሞም አንዳንድ ጊዜ መዘግየት የዲስኩ መድከም ምልክት ነው። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ውስጡ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለው። በላዩ ላይ ቀጭን ማንበቢያ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የሚንቀሳቀስ ነገር ያረጃል። ማንበቢያው አንዱን ቦታ ደጋግሞ እያነበበ ሲቸገር እኛ የምናየው «ዘገየ» የሚለውን ብቻ ነው። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ደግሞ ሳትዘገዩ ገልብጡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን አንብቦ ደህና፣ ጥንቃቄ ወይም መጥፎ ሲል ይነግራችኋል።

የሙዱላው ምን አለ መሰላችሁ? በቢጫ ቀለም «ጥንቃቄ» አለ። ባልና ሚስቱ ተያዩ። የሠርጋቸው ፎቶ፣ የልጆቻቸው ፎቶ፣ የደንበኞች ውልና የትምህርት ቤቱ ፈተና ሁሉ ያሉት በዚህ በደከመ ዲስክ ላይ ብቻ ነበር። ያን ቀን ጠዋት ስለ ፍጥነት ማውራታችንን አቁመን ግማሽ ቀን ስንገለብጥ ዋልን።

ገንዘብ የማይጠይቁ ሥራዎች

ከሰዓት በኋላ ወደ ፍጥነቱ ተመለስን። በመጀመሪያ ፍላሹን ነቀልን። የደንበኛ ፍላሽ ተሰክቶ ሲያድር አንዳንድ ኮምፒዩተር ዊንዶውስን ከፍላሹ ላይ ልፈልግ ብሎ ይቆማል። ከመክፈታችሁ በፊት ፍላሽ መንቀል ልማድ ይሁን።

ቀጥሎ የሚነሡትን ፕሮግራሞች አየን። ዊንዶውስ 8 እና ከዚያ በኋላ የመጡት ላይ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርትአፕ» የሚለውን ክፈቱ። እያንዳንዱ ፕሮግራም መነሣቱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ ተብሎ ከጎኑ ተጽፏል። የማትፈልጉትን መርጣችሁ «ዲሴብል» በሉት። ይህ ፕሮግራሙን አያጠፋም፤ ስትጠሩት ብቻ እንዲመጣ ያደርገዋል እንጂ። በዊንዶውስ 7 ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከ«አር» ጋር ተጭናችሁ በሚከፈተው ሳጥን «ኤምኤስኮንፊግ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፤ ዝርዝሩ እዚያ አለ።

በሙዱላው ዝርዝር ያገኘነው ያስቃል። ከተጣለ የቆየ የፕሪንተር ረዳት፣ ማንም የማይጠቀምበት የቪዲዮ መደወያ፣ ዘፈን ማውረጃ፣ ሁለት አንቲቫይረስና ሦስት የአማርኛ መጻፊያ! ሦስቱን መጻፊያዎች ለምን እንደጫነች ስጠይቃት፣ ደንበኞች የሚያመጡት ጽሑፍ በተለያየ ፊደል ስለተጻፈ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ከመካተቱ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱ አሠራር ነበረው። ሆኖም ሦስቱ ጠዋት ጠዋት አብረው መነሣት የለባቸውም። ዕለት ዕለት የምትጽፍበትን አንዱን አስቀረንና የቀሩት ሲፈለጉ እንዲከፈቱ አደረግን። የማታውቁትን ስም ግን ዝም ብላችሁ አታጥፉ። የድምፅ፣ የማውስ ወይም የስክሪን ረዳት ሊሆን ይችላልና መጀመሪያ ጠይቁ።

ሁለት አንቲቫይረስም ይጠብቀናል ብለን የምንጭነው ቢሆንም፣ ሁለቱ እያንዳንዱን ፋይል እኔ ልፈትሽ እኔ ልፈትሽ እያሉ ማሽኑን ያንቁታል። አንዱ ይበቃል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ዲፌንደር የሚባል መከላከያ አብሮ ይመጣል። ይሁን እንጂ ሳይታደስ የሚቆይ አንቲቫይረስ አዲሱን ቫይረስ አያውቀውምና ኢንተርኔት ባገኛችሁ ጊዜ አድሱት። በፍላሽ እየተላለፈ ማኅደሮችን ሁሉ «ሾርትከት» የሚያደርገው ቫይረስም ከማሽኑ ጋር አብሮ የሚነሣ ነውና እርሱን ሳታጸዱ ፍጥነት አትጠብቁ።

ዲስኩም ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዊንዶውስ ለራሱ መንቀሳቀሻ ባዶ ቦታ ይፈልጋል። የተደጋገሙ ፊልሞችንና ጊዜያዊ ፋይሎችን አስወገድን። ይህ ሁሉ ያለ አንድ ብር ወጪ ነው። ኮምፒዩተሩን ስናስነሣው 9 ደቂቃ የነበረው 5 ሆነ።

በትንሽ ገንዘብ

ይህ ኮምፒዩተር መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን እየረሳ፣ ገና ሲነሣ «ኤፍ 1 ተጫኑ» ብሎ የሚቆም ነበር። ይህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ያለቀችው ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባለ 3 ቮልት ባትሪ ናት። ቁጥሯ ሲአር 2032 ይባላል። ቀኑ የተሳሳተ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ላይ ገጾችን «የማይታመን» እያለ እስከ መከልከል ይደርሳል፤ ብዙ ሰው ይህን የኔትወርክ ችግር ያደርገዋል። ባትሪዋን ስንቀይር «ኤፍ 1» ቀረ። ሳጥኑን ከመክፈታችሁ በፊት ከኤሌክትሪክ መንቀልን አትርሱ። በዚያው የአየር ማውጫውን አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉ፤ የሚግል ማሽን ራሱን ለማቀዝቀዝ ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ዋናው መድኃኒት ግን ዲስኩን መቀየር ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ሃርድ ዲስክ ላይ ማንበቢያው በየቦታው የተበተኑትን ትናንሽ ፋይሎች ለመሰብሰብ ሲመላለስ፣ ኤስኤስዲ እያንዳንዱን ወዲያው ያቀርበዋል። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የሚነበቡት እንዲህ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው ዓይነት ለብዙ አሮጌ ዴስክቶፖችና ላፕቶፖች ይስማማል። ለጽሕፈት ሥራ ከ240 እስከ 256 ጊጋባይት ያለው ከበቂ በላይ ነው። ስትገዙ ለባለሙያው ሁለት ነገር ንገሩት፤ አሮጌው ዲስክ እንዳይደመሰስና ለእናንተ እንዲመለስላችሁ።

ራምም አስቡ። ከ2 ጊጋባይት ወደ 4 ወይም 8 ከፍ ማድረግ ብዙ ነገር አንድ ላይ ለሚከፍት ሰው ይጠቅማል። ሆኖም የራሙ ዓይነት ዲዲአር 2፣ 3 ወይም 4 መሆኑን ሳታዩ አትግዙ፤ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ሲዘጋም ጥንቃቄ

መብራት በድንገት ሲጠፋ ዊንዶውስ የጀመረውን ሳይጨርስ ይቋረጣል። ሲመለስ ዲስኩን ልፈትሽ ብሎ የሚቆየው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ይህ ሲደጋገም ዲስኩም ሊጎዳ ይችላል። ዩፒኤስ ዋና ጥቅሙ ሰዓታት ለመሥራት ሳይሆን ጽሑፉን አስቀምጦ በሥርዓቱ ለመዝጋት ነው። ስታቢላይዘር ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል ይረዳል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም።

አንድ ነገር ልጨምር። በዊንዶውስ 8፣ 10 እና 11 «ሻት ዳውን» ስንል ማሽኑ በቀጣዩ ቀን ፈጥኖ እንዲነሣ ከሥራው ከፊሉን ዲስክ ላይ አስቀምጦ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ የተበላሸ ነገር ሲኖር አጥፍቶ ማብራት ሁልጊዜ አያስተካክለውም። «ሪስታርት» በሉት፤ ሁሉን ከመጀመሪያው የሚጀምረው እርሱ ነው።

አዲስ መግዛት መቼ ነው?

አዲስ አይገዛ ማለቴ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ማሽኖች የሌሏቸውን ሌሎች ነገሮች ይጠይቃል። በኢንተርኔት የባንክ ሥራ የምትሠሩ ከሆነ ይህን በዕቅዳችሁ ያዙት። ነገር ግን አዲስ የምትገዙት አስባችሁና አጠራቅማችሁ ይሁን እንጂ በአንድ ማታ ንዴት አይሁን። ስትገዙም ኤስኤስዲ ያለው መሆኑን ጠይቁ፤ አዲስ ሆኖ በሃርድ ዲስክ የሚነሣ ማሽንም ያዘግማልና።

ወደ ሙዱላ ልመልሳችሁ። ባል በሳምንቱ ሆሳዕና መጣ። የያዘው ገንዘብ ግን መጀመሪያ ካሰበው እጅግ ያነሰ ነበር። ኤስኤስዲውን አብረን ገዛን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚስት ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ከሰልሽን አያይዢ ያለኝ ሰው የለም፤ ከሰሉ ሳይያያዝ ኮምፒዩተሩ ተነሣ!» አለች። በሰዓት ለክታው 40 ሰኮንድ ሆኗል። የልጆቹ የትምህርት ገንዘብም እንዳለ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ ያለኝ ግን ቀጥላ የነገረችኝ ነው። ፎቶዎቹን በሁለት ቦታ አስቀምጠው፣ አንዱን እርሷ፣ ሌላውን እርሱ እንዲጠብቅ ተስማምተዋል።

ያን ማታ እራት ላይ ሁለቱም ልክ ነበሩ። እርሱ ጊዜ እየባከነ ነው ማለቱ እውነት ነበር፤ እርሷም ገንዘቡና ፎቶው ያሳሰባት በከንቱ አልነበረም። የጎደላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ችግሩ ምን እንደሆነ አብሮ ማየት። ሳያዩ የተከራከሩበት ነገር ሲያዩት ግማሽ ቀንና አንድ ዲስክ ብቻ ሆነ።

እንግዲህ ውድ ባለትዳሮች፣ በዚህ ሳምንት አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። አንዳችሁ ቁልፉን ተጫኑ፤ ሌላችሁ ሰዓት ያዙ። የወሰደውን ጊዜ ወረቀት ላይ ጻፉና የት ላይ እንደቆመ ተነጋገሩ። ከዚያ መጀመሪያ ገልብጡ፤ ቀጥሎ የማያስፈልገውን አስወግዱ፤ ገንዘብ የሚጠይቀውን በመጨረሻ አድርጉት። ቡናውን ግን አትተዉ። ኮምፒዩተሩን ስትጠብቁ ሳይሆን እርስ በርሳችሁ እየተጨዋወታችሁ ጠጡት።

እስከሚቀጥለው ዕትም ድረስ ሰላም ሁኑ።